ለሳሉጉ የመጀመሪያ ሳምንት፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከደጋ ወርደው በቆላ እርሻ ለሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች ሙቀቱን የሚለማመዱበት ጊዜ እንዲሰጣቸው ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ሰኔ ሲገባ ከደባርቅና ከጋይንት ወጣቶች በመኪና ተጭነው ወደ መተማና ቋራ ይወርዳሉ። በአካባቢው ስማቸው ሳሉግ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ቀያቸው ተነስተው ከ1,000 ሜትር በታች ያለ ቆላ ይገባሉ፤ ብዙም ሳያርፉ ለሰሊጥ አረም ይሰማራሉ። የምጽፍላችሁ ስለነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው።

በሙቀት ውስጥ የሚሠራን ሰው ከምንም በላይ የሚያቀዘቅዘው ላቡ ነው። ላብ የሚያበርደው ግን ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ እርጥበት ከሞላው ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ውኃው ይባክናል፣ ሙቀቱ ግን ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ክረምት ነው፣ ሰማዩም ደመና ነው ተብሎ የሐምሌ አረም በቀላሉ መታየት የለበትም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ከጥቁር አፈሩ የሚነሳው ወበቅ ያፍናል።

ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል። በየቀኑ እየሠራ ከ7 እስከ 14 ቀን ሲቆይ ላቡ ቶሎ መምጣት ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ጨውነቱም ይቀንሳል። የደሙ ውኃማ ክፍል ስለሚጨምር ልቡ ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ምት ይወጣዋል። የመተማ ገበሬ ሐሩሩን የሚችለው ሰውነቱ ስለለመደው ነው፤ የጋይንቱም ልጅ ጊዜ ከተሰጠው ይችለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የዛለን ልጅ «ሰነፍ» እያሉ መስደብ ግፍ ነው። ይህ ልምድ ደግሞ አይከርምም። ደጋ ተመልሶ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ ይጠፋል፤ አምና የሠራ ሳሉግ ዘንድሮም እንደ አዲስ መታየት አለበት።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በመስክ ሥራ ላይ በሙቀት ከሚሞቱት ሠራተኞች ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ለዚህም አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ የሥራ ጊዜው 20 በመቶውን ብቻ በሙቀት ውስጥ እንዲሠራ፣ በየቀኑም ከ20 በመቶ ያልበለጠ እንዲጨመርለት ይመከራል። ብዙ ወገኖቻችን በሚሠሩባት ኳታር እንኳ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 5 ድረስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል የደጅ ሥራ ተከልክሏል።

እኛ ዘንድ ችግሩን የሚያብሰው የክፍያው ዓይነት ነው። በቁርጥ የሚሠራ ሰው ጥላ ሥር በተቀመጠ ቁጥር ገንዘቡ ይቀንሳል፤ ራሱ እያዞረውም ቢሆን አያቆምም። ባለሀብቱም አለምክንያት አይጣደፍም፤ ሰሊጥ አጨዳው ከዘገየበት ፍሬው ይረግፋል። ሁለቱም በየበኩላቸው ስለሚቸኩሉ ጉዳዩን ለስምምነታቸው መተው አይቻልም።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ይህን ግዴታ ለቆላ እርሻ የሚዘረዝር መመሪያ አውጡልን። አዲስ ገቢው በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓቱ አጥሮ፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሥራ፤ ክፍያውም በዚያ ሳምንት በቁርጥ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ የቀን አበል ይሁን። ያለዚህ የቀረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። የመጠጥ ውኃ ካምፕ ሳይሆን ማሳው ውስጥ ይቅረብ፤ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ይጠጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላቡ ብዙ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ምግብ ሳይበላ ወደ ማሳ አይሰማራ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳሉግ ሲወድቅ «ንዳድ ነው» ማለት ይቀናል። ራስ ምታቱ፣ ትኩሳቱና ማስመለሱ ስለሚመሳሰል የወባ ምርመራው መቅረት የለበትም። ሆኖም ሰውነቱ እየነደደ የሚቀባዥር ሰው መኪና እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ ወዲያው ጥላ ሥር ተወስዶ፣ ልብሱ ተገፎ፣ መላ ሰውነቱ ላይ ውኃ እየፈሰሰበት መራገብ አለበት። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ በቆየ ቁጥር አንጎልን፣ ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል። ይህን የእያንዳንዱ እርሻ ካቦ ሊያውቀው ይገባል።

መመሪያው ከሰኔ በፊት ወጥቶ፣ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ ላይ ሠራተኛው ከመኪና በሚወርድበት ቦታ በቃል እንዲነገረው እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር