«ጀርመን ካናቢስን ፈቀደች» ሲባል ምኑን ነው?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ስለ ጀርመን የካናቢስ ሕግ የሚወራው ሁሉ «ተፈቅዷል» በሚል አንድ ቃል ያልቃል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2024 ሥራ ላይ የዋሉት ሕጎች ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለመዝናኛ፣ ሌላው ለሕክምና። እነሱን ማምታታት ሰው ያስቀጣል።

በመዝናኛው ሕግ 18 ዓመት የሞላው ነዋሪ ደጅ 25 ግራም፣ ቤቱ 50 ግራም መያዝና ሦስት ተክል ማሳደግ ይችላል። መሸጥ ክልክል ነው፤ ለጓደኛ በነጻ መስጠትም ጭምር። ካናቢስን በጋራ የሚያመርት ማኅበር ገብቶ ድርሻ ለማግኘት አገሩ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ስለሚጠይቅ፣ ለጥየቃ የመጣ ዘመድን አያካትትም። ደጅ ከ30፣ ቤት ከ60 ግራም ካለፈ ነገሩ ከገንዘብ መቀጮ አልፎ ወንጀል ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያለበት ሰው ይህን ልዩነት አይናቀው።

ለሕክምና ከሆነ፣ ከጥርስና ከእንስሳት ሐኪም በቀር ማንኛውም ሐኪም ያዝዛል። ቢጫው የአደንዛዥ መድኃኒት ማዘዣ ቀርቶ በተራ ማዘዣ ከፋርማሲ ይወሰዳል (ናቢሎን የተባለው ሰው ሠራሽ የካናቢስ ዓይነት መድኃኒት ብቻ አሁንም በቢጫው ነው)። ሐኪም አዘዘ ማለት ግን የሕዝብ የጤና መድን ከፈለ ማለት አይደለም። መድኑ የሚከፍለው ለከባድ ሕመም ነው፤ አንዳንድ ስፔሻሊስቶች ከሚያዝዙት በስተቀር የመድኑ ፈቃድ ከመጀመሪያው ማዘዣ በፊት መገኘት አለበት። ቀድሞ ገዝቶ ደረሰኝ መላክ አያዋጣም።

መኪና ላይ ገደቡ በአንድ ሚሊ ሊትር የደም ሴረም 3.5 ናኖግራም ቲኤችሲ (የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር) ነው፤ ያለፈ 500 ዩሮና የአንድ ወር እገዳ ይጠብቀዋል። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ስለሚከማች አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው ስካሩ ካለፈ ከቀናት በኋላም ሊገኝበት ይችላል። ለተወሰነ ሕመም ታዞለት በታዘዘው ልክ የወሰደ ታማሚን ገደቡ አይመለከተውም፤ ለመንዳት ብቁ ካልሆነ ግን ማዘዣው አያድነውም።

በሼንገን አገሮች መካከል ለሚጓዝ፣ ሐኪሙ የሞላው፣ የጤና ባለሥልጣን ማኅተም ያረፈበት ቅጽ ለ30 ቀን ያገለግላል። ቦሌ ላይ ግን ዋጋ የለውም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ካናቢስ የተከለከለ ነው። «ሄምፕ (ቲኤችሲው አነስተኛ የሆነ ካናቢስ) ነው፣ ቲኤችሲው 0.3 በመቶ ብቻ ነው» የሚለውም መከራከሪያ አያስኬድም፤ ይህ ቁጥር የአውሮፓ ገበሬ የሚዘራው የተመዘገበ ዝርያ መለኪያ ነው፣ አበባውም በመልክም በጠረንም ከሌላው አይለይም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ታማሚ ቲኬት ሳይቆርጥ ስለ ምትክ መድኃኒት ሐኪሙን ያማክር።

በፋርማሲ ሙያ የሚሠሩ አንባቢ
ፍራንክፈርት