የቅዳሜ ካያክ፦ የት እንሂድ?

ሰላም ለሁላችሁ፤ ቅዳሜ ጣና ሐይቅ ላይ በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) እንቀዝፋለን።

ለጀማሪዎች የባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ በቂ ነው። ከዳር 50 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ዳሩን ተከትላችሁ ቅዘፉ። የታሰረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲንሳፈፍ ካያችሁ ሥሩ የዓሣ መረብ አለ፤ ዞራችሁ እለፉ። መቅዘፊያው ከተያዘ ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ አውጡት እንጂ መረቡን አትቁረጡ፣ የሰው እንጀራ ነው።

የለመዳችሁ ደብረ ማርያም ደሴት ድረስ መሄድ ትችላላችሁ። ግን ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚያው ስለሆነ ጉማሬም ወራጅ ውኃም አለ። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ውኃ ነው፤ በእሱና በጥልቁ መካከል የገባ ካያክ ይገለበጣል። ጆሮና አፍንጫ ብቻ ብቅ ብሎ ቢታያችሁም ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፤ ደንገሉን ታክካችሁ አትሂዱ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ወዳለው ጨራጨራ ግድብ መውረድ ክልክል ነው።

ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር መቅዘፍ ያለ አጃቢ ሞተር ጀልባ አይሞከርም። ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ደግሞ ቀድማችሁ እወቁ።

ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጫጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 12:30 ገብተን 4:30 ላይ እንወጣለን።

ከተገለበጣችሁ ካያኩን አትልቀቁ። ቢልሃርዚያ (በውኃ ውስጥ ካለ ጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ) ስላለ ረግረጋማ ዳር በባዶ እግር አትግቡ፤ ስትወጡም ወዲያው ሰውነታችሁን በፎጣ አድርቁ። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው አይቀዝፍም።