የጦሳን ጉም አታጥፉብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። በአዲስ ዓመት እትማችሁ የከተማችንን ርችት ስላወጣችሁ መጀመሪያ በጣም ደስ ብሎኝ፣ ጋዜጣውን ለገባው ደንበኛ ሁሉ ሳሳይ ነበር። ቀረብ አድርጌ ሳየው ግን ቅር አለኝ። በግራ ያለው ቀይ ርችት ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ የታጠፈች ፍንጣሪ አለችው። በቀኝ ያለው አረንጓዴም ያቺው መንጠቆ አለችው፣ ፊቷን አዙራ። አንዱ ርችት ተገልብጦና ቀለሙ ተቀይሮ ሁለት ሆኗል ማለት ነው።

ኤዲት ማድረግ ነውር ነው አላልኩም፤ እንጀራዬ ነው። ርችት ስናነሳ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁመን፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 አድርገን፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ለጥቂት ሰከንድ ከፍተን እንተወዋለን፤ ስለዚህ የርችቱ መሃል ይነጣል፣ ከተማው ይጨልማል። ፎቶው በሮው (በካሜራው ጥሬ ፋይል) ከተነሳ ሀይላይቱን (የነጣውን) ዝቅ፣ ሻዶውን (የጨለመውን) ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ሁለት ሦስት ፎቶ ደርቦ ሌየሩን (ድርቡን) «ላይትን» በሚባለው ምርጫ ላይ ማድረግም አለ፤ ብሩህ ብሩሁን ብቻ ስለሚያስቀር ጥቁሩ ሰማይ አያስቸግርም። ለካላንደር እኔም እንዲህ እሠራለሁ። ጋዜጣ ላይ ሲሆን ግን ከሥሩ «ከሦስት ፎቶ የተቀናበረ» በሉን። በ2008 እ.ኤ.አ. የቤጂንግ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የእግር ዱካ ቅርጽ ያለው ርችት በእውነትም ተተኩሶ ነበር፤ ቴሌቪዥን ላይ የታየው አብዛኛው ግን ቀድሞ በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ ሲታወቅ ስንት ነገር ተባለ!

ከሁሉ ያንገበገበኝ ጉሙ ነው። ያን ምሽት እኔም ፎቅ ላይ ወጥቼ ሳነሳ ነበር። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ርችቱ በፈነዳ ቁጥር አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ ሲሆን፣ አጠገቤ የነበሩት ልጆች ርችቱን ትተው እሱን እያዩ ነበር የሚጮኹት። እናንተ ጋ የወጣው ላይ ጉምም ጭስም የለም። ጉምና ጭስ የሚያጠፋውን ዲሄዝ እስከ ጥግ ጎትተውት ሰማዩ ጥቁር ቀለም የተቀባ ግድግዳ መስሏል። እኛ እኮ «ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ጅራታም ኮከብ ቢያዩ ነው አገሩን ደሴ ያሉት» ሲባል እየሰማን ያደግን ነን፤ ሰማያችንን እናውቀዋለን።

ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ከነጉማቸው በነፃ እልክላችኋለሁ። መስቀልም ደርሷል፤ የደመራውን ጭስ እባካችሁ እንዳለ ተዉት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ