መደርደሪያ ላይ የቀሩት ውህዶቻችን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ፣ ይዞት ተመለሰ። እዚህ ጎንደር ተኝቶ በቀን ሁለት መርፌ እየተወጋ 17 ቀን ቆየ። ተመስገን፣ ድኗል። ግን አንዱ መርፌ አንቲሞኒ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ያለበት ነው፤ ልብንም ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። ፋርማሲ አስተምራለሁ። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳስታምመው፣ ከተክሎቻችን የተሻለ መድኃኒት ይገኝ ይሆን ከሚለው ሌላ ማሰብ አቃተኝ።

የመድኃኒት ተክል ጥናት እኛ ዘንድ ሞልቷል። ተማሪው ቅጠሉን ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዝፋል፣ ውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ውህድ ለይቶ ያወጣል፣ ቅርጹን ስሎ ይመረቃል። ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። አለቀ።

ባለፈው ክረምት እነዚህን ውህዶች ላፕቶፔ ላይ መሰብሰብ ጀመርኩ። ዳታዋሪየር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ተመሳሳይ ውህዶችን ያቧድናል፣ ክብደታቸውን ያሰላል፣ ውሃ ወይስ ቅባት እንደሚወዱ ይገምታል። ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ የስዊዘርላንዶቹ ስዊስኤዲኤምኢ አለ። ውህዱን አንጀት ይመጠው እንደሆነ ይገምታል። ክፍያም ምዝገባም የለውም።

መጀመሪያ ላይ ተሳስቻለሁ። ሊፒንስኪ የተባለ የመድኃኒት ተመራማሪ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ500 ያለፈውን ሁሉ ሰረዝኩ። ስኳር የተሸከሙት የተክል ውህዶች በብዛት እዚያው ቀሩ። ደንቡ ግን የሚያወራው በአፍ ስለሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ለተፈጥሮ ውህዶችም ሁልጊዜ አይሠራም። መለስኳቸው። እሬት ውስጥ እንዳለው አሎ ኢሞዲን ያሉ፣ ኪኖን የሚባሉ ውህዶች ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ብዙ ዓይነት ምርመራ ላይ የሚሠሩ መስለው ያታልላሉና። ተማሪዎቼን «አትጣሉት፣ በሌላ ዘዴ ደግማችሁ ፈትሹት» እላቸዋለሁ።

ያደከመኝ ፕሮግራሙ አይደለም። ጽሑፎቹ ውስጥ ያለው ቅርጽ ሥዕል ብቻ ነው፤ ያውም የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ። እያንዳንዱን በእጄ እንደገና ሳልኩ። አንዱ ላይ፣ አራት እጅ ብቻ ሊኖረው የሚገባው ካርቦን አምስት እጅ አለው! ፕሮግራሙ ባያሳየኝ እኔም አላየውም ነበር። ያ ተማሪ ስንት ወር እንደደከመበት ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምለው አንድ ነገር ነው። ተመራቂው ከጽሑፉ ጋር አንድ ፋይል ያስረክብ። የተክሉ ስም፣ የተለቀመበት ቦታ፣ የምርመራው ውጤት፣ እና ውህዱ በስማይልስ። ስማይልስ የሞለኪውሉን ቅርጽ በፊደልና በቁጥር በአንድ መስመር የሚጽፍ ዘዴ ነው፤ የኬሚስትሪ ፕሮግራሞች ያነቡታል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያልሠራው ውህድም ይመዝገብ፤ ሌላው ሰው እዚያው ላይ ሁለት ዓመት እንዳያባክን።

ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ቤታችሁ የቆየ የተማሪ ጽሑፍ ካለ እባካችሁ ላስተማራችሁበት የትምህርት ክፍል አስረክቡ። የደበዘዘም ቢሆን ግድ የለም፣ ቁጭ ብዬ እስለዋለሁ።

የፋርማሲ መምህርት
ከአዘዞ፣ ጎንደር