ኮምፓኩን ከመሸጥህ በፊት

ውድ ልጄ፣

አሮጌውን ኮምፓክ ፖርተብል ለድሮ ኮምፒውተር ሰብሳቢዎች ለመሸጥ መወሰንህ አላስከፋኝም፤ አልጋ ሥር አቧራ ከሚለብስ የሚያውቀው ሰው እጅ ቢገባ እኔም እመርጣለሁ። ነገር ግን በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስቀምጥልህ ወደድሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንህ፣ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብለህ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው ነው። እኔ ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ቀን ናፍቆኝ ባበራሁት ጊዜ፣ ገና ጥቂት ሰከንድ ሳይሞላ አንድ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳና ከጀርባው ጭስ ወጣ። የጠገነው ሰው ኋላ እንዳስረዳኝ፣ ውስጡ ያሉት ታንታለም የሚባሉ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ሳያገኙ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ ይበላሹና ኃይል በድንገት ሲመጣባቸው ሾርት ያደርጋሉ። ያን ጊዜ የተቀየረችው የፈነዳችው አንዷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ዛሬም የድሮዎቹ ስለሆኑ ይህንኑ ለገዢው ሳትሸሽግ ንገረው። ሽፋኑንም አትክፈት፤ የስክሪኑ ቱቦ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ኪቦርዱ ነው። ከየቁልፉ ሥር ስስ የብረት ቅጠል የተለጠፈባት ክብ ስፖንጅ አለች፤ ስፖንጇ በዕድሜ ብዛት ስትፈራርስ ቁልፉ ምንም ሳይሰበር ፊደል መጻፉን ያቆማል። የዚህ ኮምፒውተር ሰብሳቢዎች ሁሉ ይህን ስለሚያውቁ፣ «አንዳንድ ቁልፎች ትንሽ ያስቸግራሉ» ብሎ ማድበስበስ ትዝብት ላይ ይጥልሃል። የማይሠሩትን ቁልፎች ከትዝታዬ በወረቀት ጽፌ መያዣው ላይ አስሬልሃለሁ።

ስለ ዋጋው ግን ብዙ አትጓጓ። ኮምፓክ ይህን ኮምፒውተር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ስለተሸጠ ብርቅ የሚባል ዕቃ አይደለም። ሰው የሚፈልገው ለታሪኩ ነው። አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ለሠራው ፒሲ የተጻፉ ፕሮግራሞችን እንዲያስኬድ ባዮስ የተባለው መሠረታዊ ፕሮግራም ያስፈልገው ነበር፤ የአይቢኤምን ባዮስ መገልበጥ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ የአይቢኤምን ኮድ ያነበቡት የኮምፓክ መሐንዲሶች ሥራውን በጽሑፍ ብቻ ገለጹ፤ ኮዱን ዐይተው የማያውቁ ሌሎች መሐንዲሶችም መግለጫውን ይዘው የራሳቸውን ጻፉ። ተንቀሳቃሽ መባሉ ግን ዛሬም ያስቀኛል፤ ባትሪ የለው፣ ክብደቱም ከ12 ኪሎ በላይ ነው። ትከሻዬ አልረሳውም።

ዋጋውን የሚያወጣው እንግዲህ ሙሉነቱ ነው። መመሪያ መጻሕፍቱን፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ዶስ የተባለ ፕሮግራም ያለበትን ዲስክና የመጀመሪያውን ካርቶን አንድ ላይ ሽጣቸው፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚጠይቅህ ሰው ካለ እንቢ በለው። ሻጮች የሚጠሩትን ዋጋ ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ተመልከት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያስገርምሃል። ለማሳመር ብለህም በኬሚካል አትፈትገው፤ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ፎቶ ስታነሳ ጭረቱና ሴሪያል ቁጥሩ በደንብ ይታዩ።

ገዢው ራሱ መጥቶ ቢወስደው እጅግ ደስ ይለኛል። መላክ የግድ ከሆነ ግን ባለ 9 ኢንቹ ስክሪን መስታወት መሆኑን አትርሳ፤ ካርቶኑን በሌላ ሰፊ ካርቶን ውስጥ አስገብተህ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በሙሉ ሙላው። የዲስክ ማንበቢያዎቹ ራስ በመንገድ ላይ እንዳይጋጭ በየአፋቸው የማያስፈልግ ዲስክ አስገብተህ ዝጋቸው።

በመጨረሻም፣ ከዲስኮቹ መካከል በእጄ «የግል» ብዬ የጻፍሁበት አለ። ፋይሎቹን አጥፍቼ ልስጠው እንዳትል፤ ዶስ ፋይል ሲያጠፋ የሚፍቀው ስሙን እንጂ ይዘቱን አይደለም። ያ ዲስክ ለአባትህ ታመው በተኙ ጊዜ የጻፍሁላቸውን ደብዳቤዎች ስለያዘ፣ አውጥተህ እኔ ዘንድ አምጣው።

እናትህ