ስለ ጎማ ኩሽኔታ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ኩሽኔታ ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው፣ ውስጡ ኳሶች ያሉት ቀለበት ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ጋራዣችን የሚመጡ ብዙ መኪኖች ስሞታቸው አንድ ነው፦ «ሲፈጥን እንደ አውሮፕላን ያጓራል።» ባለቤቱ ጎማ ይመስለዋል፤ የሰፈሩ መካኒክ ደግሞ መኪናውን በክሪክ ሳያነሳ «ኩሽኔታ ነው፣ ገዝተህ ና» ብሎታል። ከሁለት አንዳቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ዕቃውን ገዝታችሁ ስትመጡ እንኳ «ቆይ መጀመሪያ እንየው» የምንላችሁ ለዚህ ነው።

ኩሽኔታን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። ፍሬን በተደጋጋሚ ሲያዝ ሞዞው (ኩሽኔታው ያለበት የጎማው እምብርት) ይግላል። በዚያ ሙቀት ጎርፍ ውስጥ ሲገባ ባንዴ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ውሃና ጭቃ በላስቲክ ማሸጊያው በኩል ይስባል። በዕለቱ ምንም አይሰማም። ግሪሱ ቀስ በቀስ ይበላሻል፣ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ይዝጋል፣ ድምፁ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ጉድጓድና የእግረኛ መንገድ ጠርዝም ጥፋታቸው ቀላል አይደለም፤ አንድ ኃይለኛ ምት ቀለበቱን ሊያጎደጉደው ይችላል።

ድምፁን ለመለየት ኮብልስቶን ላይ አትድከሙ፤ እዚያ ሁሉም መኪና ይጮኻል። ቀለበት መንገድ ወይም የአዳማው ፈጣን መንገድ ይሻላል። የኩሽኔታ ጉርምርምታ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ይጨምራል እንጂ ከሞተሩ ዙር ጋር አይሄድም፤ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ማርሽ ብትቀይሩ እሱ እንዳለ ነው። የጎማ ድምፅ ግን አስፋልቱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። መንገዱ ጭር ካለ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ዘንበል አድርጉት። ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ያኔ ድምፁ ከጎላ ጥርጣሬው የቀኙ ላይ ነው። አልፎ አልፎ ያሳስታል፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ ዕቃ አትግዙ። መሪ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የኩሽኔታ ሳይሆን የአክስሉ (ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ) መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል።

ቤታችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሬት ለሚነኩት ጎማዎች ታኮ አድርጉ፣ ከዚያ የሚፈተሸውን ጎማ በክሪክ አንሱ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ። ጎማውን አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዛችሁ ግፉና ሳቡት። ከተላወሰ ሌላ ሰው የእግር ፍሬን ይርገጥላችሁ። መላወሱ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ባልጆይንቱን (ሞዞውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ) ተመልከቱ። በግራና ቀኝ ስትይዙት ብቻ የሚላወስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመሪ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ነው። ቀጥሎ አንድ እጃችሁን ሞላው ላይ አሳርፋችሁ ጎማውን በሌላው አሽከርክሩት፤ የተበላ ኩሽኔታ መኮርኮሩ በሞላው በኩል እጃችሁ ድረስ ይመጣል።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ጎማው ካልተላወሰ ደህና ነው ይላሉ። የዘመኑ እሽግ ኩሽኔታ መላወስ ከመጀመሩ በፊት ለረጅም ጊዜ ሊያጉረመርም ይችላል።

ሁለቱንም ጎን አብራችሁ ቀይሩ የሚሏችሁም አሉ። እኛ አንስማማም። የፍሬን ሸራ በጥንድ ይቀየራል፤ ኩሽኔታ ግን የተበላው ብቻ ነው የሚወጣው። ገንዘባችሁን ኦሪጅናል ዕቃ ላይ አውሉት። በመዶሻ አናስገባም፤ በፕሬስ፣ ግፊቱ ትክክለኛው ቀለበት ላይ አርፎ ነው የሚገባው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሲስተም) ባላቸው ብዙ መኪኖች ኩሽኔታው በአንድ ጎኑ ማግኔት አለው፤ ተገልብጦ ከገባ ሴንሰሩ ስለማያነበው የኤቢኤስ መብራቱ ይበራል። የአክስሉ ዳዶም በብዙ መኪኖች ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚጠብቅ በግምት ሳይሆን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ ነው የምናስረው። ያወጣነውን አሮጌ ኩሽኔታ ጠይቁን፣ እናሳያችኋለን፤ የሰፈሩ ልጆች ለጋሪያቸው ካልቀደሟችሁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ድምፁን ቶሎ ትሰማላችሁ፤ የሚሸፍነው የሞተር ጩኸት የለምና። ሞተሩ ተበላሸ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ጎማውን አስፈትሹ።

ማጉረምረም ብቻ ከሆነ በዚያው ሳምንት አምጡት፤ ክፍለ ሀገር ግን አትውጡበት። ጎማው ከተላወሰ፣ አንደኛው ቸርኬ ከሌሎቹ በተለየ ከጋለ ወይም የፍሬን ፔዳል ከወትሮው ጠልቆ ከወረደ መኪናውን አቁሙና ደውሉልን፣ ያላችሁበት ድረስ እንመጣለን። ለፍተሻው አናስከፍልም፤ ጥፋቱ ጎማ ሆኖ ወደ ጎሚስታ ብንልካችሁም እንዲሁ። ስትመጡ ድምፁ በስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደሚጀምር ልብ ብላችሁ ብትነግሩን ሥራችንን ታቀሉልናላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋራዡ ባለሙያዎች