የጋሼ ቶርኖ በኪሎ እንዳይሸጥ

የጅማ ልጆች፣ እዚህም ያላችሁ ርቃችሁም የምትኖሩ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ብረት ልለምናችሁ ነው።

ብረቱ ቶርኖ ነው፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን። ኮቺ ሰፈር፣ አንድ ጓሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆሟል። ባለቤቱን ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አንድ አሮጌ ቶርኖ ገዝተው ጓሯቸው ተከሉ። ለገበያ አልሠሩበትም። የሚሠሩበት ትንንሽ ሞተር ነበር። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ግን በእውነት የሚዞር ሞተር።

ጋሼ ባለፈው ሚያዝያ አረፉ። ግቢው ሊከራይ ነው። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መጥቶ ቶርኖውን ዞር ዞር ብሎ አየውና በኪሎ ዋጋ ሰጠበት። በዚያው ቀን ማታ ልጃቸው ደወለችልኝ። "አባዬ ቢኖር ለእናንተ ነበር የሚሰጠው። እስከ ጥቅምት 30 ልጠብቃችሁ" አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛ ዘጠኝ ነን። መካኒክ አለን፣ አስተማሪ አለን፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ የቀሩት ተማሪዎች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ጓሮ እንሰበሰብ ነበር። የመጀመሪያ ሥራችን በእንፋሎትም በአየርም የምትሠራ የምትወዛወዝ ሞተር ነበረች። ሲሊንደሯ አንድ ቦታ አልተቸነከረም፤ በአንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ጎኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው። ወደ አንዱ ጎን ሲያዘነብል ቀዳዳዋ ከአየር ማስገቢያው ጋር ትገጥማለች፣ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ከማስወጫው ጋር። ስለዚህ ሌላ ቫልቭ አያስፈልጋትም። ጋሼ ይህንን የነገሩን ወረቀት ላይ ሥዕል ሥለው አልነበረም። የሞተሯን አካል በእጃችን አስይዘው፣ ራሳችን እስክናየው ድረስ ዝም ብለው ጠበቁን።

ብረቱን ከየትም ነው የምናገኘው። ነሐሱ ከተጣለ የቧንቧ መክፈቻ ነው። ዘንጉ ከተበላሸ ፕሪንተር ነው፤ ፕሪንተር ውስጥ ያለው ዘንግ ቀጥ ያለና የጠራ ስለሆነ ለትንሽ ሞተር ይመቻል። ቮላኖውን፣ ማለትም ከሞተሯ ጋር የሚዞረውን ከባድ መንኮራኩር፣ ከአሮጌ የፍሬን ታምቡር ቆርጠን አወጣነው። ከባድ ስለሆነ፣ አንዴ መዞር ከጀመረ፣ አየሩ በማይገፋበት ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስቶን ራሱ እየገፋ ያሳልፈዋል።

ሠርተን ስንጨርስ አልዞረችም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አልዞረችም። ሲሊንደሩና የቆመው አካል የሚነካኩበት ፊት ለዓይን ለጥ ያለ ይመስላል፣ አየር ግን በመሃላቸው ያመልጣል። ጋሼ የመስኮት መስታወት አመጡ። በላዩ ስስ የብርጭቆ ወረቀት አነጠፉ፣ ዘይት ጠብ አደረጉ፣ ከዚያ ብረቱን በላዩ ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ በቀስታ ማሸት ጀመሩ። በየጥቂት ደቂቃው እያነሱ ያዩታል። ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን "አሁን ልክ ነው" አሉ። ፒስቶኑም እንዲሁ ነው። ከሲሊንደሩ ጋር ያለው ክፍተት ወደ 0.02 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የሰው ፀጉር እንኳን ከዚያ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ከጠበበ ይነክሳል፣ ከሰፋ አየሩ ይባክናል።

አጂፕ አካባቢ ወደሚሠራ ጎሚስታ ይዘናት ሄድን። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰሩን አየር ዝቅ አድርጎ ለቀቀልን። ነርሷ ቮላኖውን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ተነሣች! ጎሚስታው ሥራውን ትቶ ቁጢጥ ብሎ ያያት ነበር። ጎማ ሊያስነፉ የመጡ ሰዎች ከበቡን። ጋሼ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ያንን ቀን አልረሳውም።

ወላጆች "አደጋ የለውም ወይ?" ብለው ይጠይቁናል። መጠየቃቸው ልክ ነው። እንፋሎት አምቆ የሚይዝ ቦይለር ያለ ባለሙያ ምርመራ የሚነካ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ እኛ ቦይለር አንሠራም። የምንጠቀመው ዝቅ ያለ የአየር ግፊት ነው። ወይም ሮበርት ስተርሊንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1816 ያስመዘገበው ዓይነት በሙቅ አየር የሚሠራ ሞተር እንሠራለን። እሱ ቦይለር አይፈልግም። አንዱ ጎኑ ይሞቃል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ሲሰፋና ሲሰበሰብ ፒስቶኑን ይነዳል። በደንብ ከተሠራ የፈላ ውሃ ያለበት ኩባያ አፍ ላይ ተቀምጦም ይዞራል። ጋሼ የጀመሩት እንዲህ ያለ ሞተር ሳይጨርሱት ቀርቷል። ክፍሎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው እኔ ጋር አሉ።

"መጫወቻ ነው እኮ" ያለኝም ሰው አለ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ዛሬ ቶርኖ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። የቡና መፈልፈያ ዘንግ በለቀማ ወቅት ሲሰበር፣ ገበሬው ቡናው ተከምሮበት እየጠበቀ፣ አዲሱን ዘንግ ቀርጾ የሚሰጠው እሱ ነው። መለካት የተማረው ጋሼ ጓሮ፣ በዚያች መጫወቻ ነው። ለዕቃ ብሎ 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ የተመላለሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ልጃቸው ቶርኖውን ከነመለኪያውና ከነመቁረጫው በ120,000 ብር ልትሰጠን ተስማምታለች። ብዙ ቀንሳልናለች። ክብደቱ ከ700 ኪሎ ያላነሰ ስለሆነ ለማጓጓዝና ሲሚንቶ ወለል ለማፍሰስ 25,000 ብር ያስፈልገናል። ሌላው ችግር መብራት ነው። የቶርኖው ሞተር ስሪ ፌዝ፣ ማለትም በሦስት መስመር የሚመጣ መብራት የሚፈልግ ነው፤ የምንወስድበት ቤት ግን ተራ የቤት መብራት ነው ያለው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይር ኢንቨርተር አለ። ፍጥነቱንም እንደ ልብ ዝቅና ከፍ ማድረግ ስለሚያስችል ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው። እሱን 30,000 ብር ይዘንለታል። በድምሩ 175,000 ብር ነው። እኛ ዘጠኛችን ከደመወዝም ከኪስም አዋጥተን 68,000 ብር አድርሰናል። የቀረው 107,000 ብር ነው። ይህ ከአቅማችን በላይ ሆነ።

ሃምሳ ብርም ብትሆን ትንሽ ናት አትበሉ። ገንዘቡ የሚቀመጠው በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ነው፤ አንዷ ፈራሚ የጋሼ ልጅ ናት። ደረሰኙ ሁሉ ወርክሾፑ በር ላይ ይለጠፋል። እስከ ጥቅምት 30 ካልሞላና ቶርኖው ከሄደ፣ የእያንዳንዱ ሰው ገንዘብ ለራሱ ይመለሳል። ስም ዝርዝሩን የምትይዘው ነርሷ ናት፣ እሷ ደግሞ አንድ ብር አትሳሳትም።

ብር የሌላችሁ በሌላ አግዙን። የተበላሸ ፕሪንተር፣ የዛገ ሞረድ፣ ጥግ ላይ የተረሳ ካሊብሮ (የውፍረት መለኪያ) ወይም ሞርሳ (ብረት ጨምቆ መያዣ) ቢኖራችሁ ለእኛ ሀብት ነው። የጭነት መኪና ያለው አንድ ቀን ቢያውሰን ከወጪው ላይ ትልቅ ነገር ይቀነሳል። ሙያው ያላችሁ ታላላቆቻችን ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን፣ ከገንዘቡም በላይ የምፈልገው እሱን ነው። ጋሼን የሚተካልን ሰው እስካሁን አላገኘንም።

ቶርኖው ከተረፈ በመጀመሪያ የምናደርገው ጋሼ የጀመሩትን የሙቅ አየር ሞተር መጨረስ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት አጂፕ ጎሚስታው ጋ ትንሿን ሞተር እናስነሳለን። ሁላችንም እዚያ ነን፤ የሂሳብ ቁጥሩንም እዚያው እንሰጣችኋለን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ቮላኖውን እነሱ ይገፉታል።